የመስኮቱ ጥርሶች

ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር ከአሰብ ወደብ ጭነት ለማንሳት ተራ ሲይዝ፣ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ገብቶ ሻይ ከመጠጣቱ በፊት እኛ መስኮት ሥር ይቆም ነበር። መስኮቱ ላይ የመስታወት ሳጥን ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ቀይ ከፋይ ተነጥፎ፣ በከፋዩ ላይ ከጄሶ የተሠራ መንጋጋ ተቀምጦ፣ በመንጋጋው ላይ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ጥርሶች ያበራሉ። የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍባቸው መንገድ ማዶ ያለ ሰው እንኳ ዓይኑን በእጁ ይጋርዳል። ሾፌሮቹ ወደ መስታወቱ ተጠግተው ከንፈራቸውን ይገልጡና የራሳቸውን ጥርስ ከሳጥኑ ጥርስ ጋር ያስተያያሉ። ከዚያ በሩን ያንኳኳሉ።

የምከፍትላቸው እኔ ነበርኩ። የጥርስ ሐኪሙ ሣህሉ የልጄ የፍሬሰላም ባል ነው። ሙያውን የለመደው አስመራ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ነው። ሽማግሌው ወደ አገሩ ሲመለስ በእግር እየተረገጠ ከፍ ዝቅ የሚል አሮጌ የሕክምና ወንበር ሸጠለትና፣ ሣህሉ ያንን ወንበር በጭነት መኪና አስጭኖ አሰብ ገባ። ሌላ ሀብት አልነበረውም። ልጄን ያገባውም፣ ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ያሳደገውም በዚያ ወንበር ነው።

ረጅም፣ ወዛም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ፒንሳውን በሽተኛው ፊት አያነሳም፤ በግራ እጁ መዳፍ ውስጥ ደብቆ፣ በቀኙ ጉንጩን እየዳሰሰ፣ «አገርህ ወዴት ነው?» ይለዋል። ሰውየው ስለ ባቲ ገበያ ወይም ስለ ሞጆ መንገድ መናገር ሲጀምር ጥርሱ ወጥቶ ሳህን ላይ ኳ ይላል። በእድሜዬ ብዙ እጅ አይቻለሁ፤ እንደሱ ሰው እንዳያመው የሚጠነቀቅ እጅ አላየሁም።

የወርቅ ጥርስ የሚፈልግ ወርቁን ራሱ ያመጣል። የሚስቱን ቀለበት፣ የእናቱን ጉትቻ፣ ያገኘውን። ሣህሉ የወርቁን ባለቤት አጠገቡ አስቀምጦ ይመዝናል፤ እያየው ያቀልጣል፤ ከጥርሱ የተረፈውን ፍንጣሪ በወረቀት ጠቅልሎ ይመልሳል። ሥራው ግን የአንድ ቀን አይደለም። ቅርጹ እስኪያዝ የመጫኛ ተራው የደረሰበት ሾፌር ወርቁን ትቶ ይሄዳል። ያኔ ሣህሉ ወርቁን በጨርቅ ቋጥሮ፣ በጨርቁ ላይ ስሙን ጽፎ፣ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖረዋል። ሾፌሩ በሚቀጥለው ጉዞው መጥቶ ጥርሱን ያስገባል። ሣህሉ የራሱ የሆነ ወርቅ፣ ከጋብቻ ቀለበቱ በቀር፣ ቅንጣት አልነበረውም።

የመስኮቱ ጥርሶች ነሐስ ነበሩ። አሰብ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ ደንበኛ ጠፍቶ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ጊዜ፣ ከተሰበረ የቧንቧ ራስ አቅልጦ ነው የሠራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሬሰላም በሎሚና በአመድ ታሻቸዋለች። ወርቅ ናቸው ብሎ ለማንም አልተናገረም። ነሐስ ናቸው ብሎም አልተናገረም። የጠየቀው አልነበረም።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996፣ ገና በብር በምንገበያይበት ጊዜ፣ በሐምሌ ሙቀት የግብር ገማቹ መጣ። የሂሳብ መዝገብ የማይዝ ሰው የሚገመተው በዓይን ነው። ስንት ወንበር አለው፣ ደጃፉ ላይ ስንት ሰው ይጠብቃል፣ ምን ደርድሯል፣ ይታያል። የመጣው ወልደሚካኤል የሚባል፣ ሸሚዙ በዚያ ሙቀት እንኳ የማይጨማደድ ቀጭን ሰው ነበር። ከነጋዴ ቤት ውሃ አይጠጣም ይባል ነበር፤ እውነትም ያቀረብኩለትን ብርጭቆ በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። ግራ ጉንጩ አብጦ ነበር። ሣህሉ የታመመ ጉንጭ አይቶ ዝም ማለት አይችልምና፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ቢል እንደሚያይለት ነገረው። ወልደሚካኤል ተቀምጦበት ከነበረው በርጩማ ተነሣና ቀሪውን ሥራ ቆሞ ጨረሰ።

ቆርቆሮውን አስከፈተ። ቋጠሮዎቹ የማን እንደሆኑ ጠየቀ። ሣህሉ የደንበኞች መሆናቸውን ነገረው። ወረቀት አላቸው ወይ ቢለው ስማቸው ጨርቁ ላይ አለ አለ። ወልደሚካኤል ጻፈ። ወጥቶ ደግሞ መስኮቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመና እንደገና ጻፈ። ስለ መስኮቱ አልጠየቀም፤ ሣህሉም አልተናገረም። አግዳሚው ላይ ሾፌሮች ተራ እየጠበቁ ነበር።

ማታ ፍሬሰላም ባሏን ተቆጣችው። በግምት ቀን ገማቹን ላክምህ ማለት ጉቦ ማቅረብ እንጂ ሌላ ምን ይመስላል አለችው። ሣህሉ በእውነት ደነገጠ። እሱ ያየው ጉንጩን ብቻ ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልን። ሣህሉ የጥርስ ሐኪምና የወርቅ ነጋዴ ተብሎ ተመድቧል። የመስኮቱ ጥርሶች ሁሉ ወርቅ፣ የቆርቆሮውም ወርቅ ሁሉ የእሱ ሸቀጥ ተብሎ ተይዞ፣ ትርፍ ተገምቶበታል። የተጠየቀው ግብር በዓመት ውስጥ በእጁ ከሚገባው ሁሉ ይበልጣል። ቅሬታ ካለው በተሰጠው ቀን ውስጥ ቀርቦ ያስረዳ፣ አለዚያ ይክፈል፣ ካልከፈለ ንብረቱ ይያዛል ይላል። የሚያዝ ንብረት ከወንበሩ ሌላ የለንም።

«ሄደህ ነሐስ ነው በላቸዋ» አለችው።

«ነሐስ ነው ካልኩ ከነገ ጀምሮ አፉን የሚከፍትልኝ ማነው?» አላት። «መስኮቱ ነሐስ ከሆነ አፌ ውስጥ ያለውስ ምንድነው አይሉም?»

ወርቁን ትተው የሄዱት ሾፌሮች ሲቀልጥ አላዩም። ያላቸው እምነት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገው ነው። በቀትር፣ አሰብ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ሳጥኑን ከመስኮቱ አውርዶ አልጋ ሥር አስገባው። ፀሐይ በረድ ሲል ሾፌሮች መስኮቱን ባዶ አገኙት። ተዘረፈ ያለ አለ፤ ሸጦ ሊኮበልል ነው ያለም አለ። ገበያ ውስጥ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ የግብር ወረቀት ሲደርሰው ወርቁን ቀበረ ተባለ። ወሬው ግብር ቤት ለመድረስ ሌሊት አላስፈለገውም። በማግስቱ ተላላኪ መጥቶ፣ የተመዘገበ ንብረት መሰወር ሌላ ጥፋት እንደሆነና ሣህሉ በነጋታው ጠዋት ሳጥኑን ይዞ እንዲቀርብ የሚገልጽ ወረቀት ሰጠን።

ያን ቀን ምሳ አልቀመሰም። ወንበሩን በዘይት ሲያብስ አየሁት፤ እንደሚሸኙት ሰው እያንዳንዱን ብሎን ይነካል። አጠገቡ ሄጄ፣ ሳጥኑን ይዘህ ውጣ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። «እሺ፣ እማዬ» ብቻ አለ።

ግብር ቤት ስንደርስ ሰው ሞልቶ ነበር። ባለሱቆች፣ የትራንዚት ሠራተኞች፣ ከበይሉል ዓሣ የሚያመጡ ነጋዴዎች። ማራገቢያው ሞቃቱን አየር ከአንዱ ወደ አንዱ ያመላልሳል። ሣህሉ ሳጥኑን በነጠላዬ ሸፍኖ ታቅፏል። ተራው ሲደርስ ለወልደሚካኤል ዝቅ ባለ ድምፅ ለብቻ መነጋገር እንደሚፈልግ ነገረው። ወልደሚካኤል ጉንጩን ያዝ አድርጎ፣ ከግብር ከፋይ ጋር በር ዘግቶ እንደማይነጋገር፣ ያለውን ነገር እዚያው እንዲናገር መለሰለት። ደግሞ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከአንዱ ጋር በር ቢዘጋ ሁሉም ምን እንደሚሉት ያውቃል።

ሣህሉ ነጠላውን ገለጠ።

«ነሐስ ናቸው» አለ።

«ጮክ ብለህ።»

«ነሐስ ናቸው። ለመስኮት ነው የሠራኋቸው። ከቧንቧ ራስ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹ ግን አልሳቁም። ወልደሚካኤል ገበያ ልኮ አንጥረኛውን ሀምዳንን አስጠራ። ሀምዳን አባቱ ከየመን የመጣ፣ አሰብ ተወልዶ ያረጀ ሰው ነው፤ ጥቁር የመፈተኛ ድንጋዩን በኪሱ፣ አሲዱን በትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ። አንዱን ጥርስ ድንጋዩ ላይ ፋቀው። ቢጫ መስመር ተሰመረ። አሲድ ጠብ አደረገበት። መስመሩ አረንጓዴ አረፋ ደፍቆ ጠፋ። ሌላውንም፣ ሌላውንም ፋቀ፤ ሁሉም ጠፉ።

ወልደሚካኤል መዝገቡ ላይ ሰረዘ። ከዚያ እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ ስለ ቆርቆሮው ጠየቀ። ያም ነሐስ ነው ወይ አለው። ሣህሉ ያ ወርቅ መሆኑን፣ ግን የእሱ አለመሆኑን ነገረው። እንግዲያው ባለቤቶቹ መጥተው የኔ ነው ብለው ይፈርሙ ተባለ። እስከ ነገ ቀትር። ካልመጡ የቆርቆሮው ወርቅ የሣህሉ ሸቀጥ ሆኖ ይቀራል፣ ግምቱም ይጸናል።

ከግብር ቤት ስንወጣ ሣህሉ ሳጥኑን ሳይሸፍን ያዘው። ከእንግዲህ ማንን ይደብቃል? አሁን ወንበሩን ሊያድኑት የሚችሉት እነዚያ ሾፌሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በዚህች ሰዓት ነሐስ መሆኑን ሰምተዋል።

ቤታችን ስንደርስ ደጃፉ በሾፌሮችና በረዳቶች ተሞልቷል። ፍሬሰላም በሩ ላይ ክንዷን ዘርግታ ቆማለች። ከፊት ይመር ነበር፣ የኮምቦልቻው፤ ሳቁ ከመኪናው ጡሩንባ ቀድሞ የሚሰማ ሰው። ያን ቀን ግን አልሳቀም። ባለፈው ዓመት የሚስቱን አንድ ጉትቻ ትቶ ሄዶ፣ ሲመለስ ከፊት ጥርሱ አንዱን ወርቅ አስደርጓል። ሁለተኛው ጉትቻ፣ ብቻውን ለምንም አይሆንም ብሎ፣ ለሌላ ጥርስ አምጥቶት ቆርቆሮው ውስጥ ነበር።

«ሐኪም» አለ፣ ከንፈሩን ገልጦ። «ይሄኛው ከየትኛው ቧንቧ ነው?»

ሣህሉ ወደ ኋላ ዞር ብሎ፣ ነገሩ እስከየት እንደሚደርስ ለማየት ተከትሎን የመጣውን ሀምዳንን፣ «አባ ሀምዳን፣ ድንጋይህን አውጣ» አለው።

ይመር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የቻለ ገባ፣ ያልቻለ በመስኮቱ፣ ሳጥኑ በነበረበት በኩል፣ አንገቱን አስገባ። ሀምዳን ድንጋዩን በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ የይመርን ጥርስ በጠርዙ ፋቅ አደረገው። ይመር ዓይኑን ጨፈነ። ፒንሳ የማያስፈራው ሰው በሁለት እጁ ወንበሩን አጥብቆ ያዘ። ድንጋዩ ከአፉ ሲወጣ በላዩ ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር ነበር። ከመስኮቱ መስመር ምንም የተለየ አይመስልም።

ያኔ ልቤ ተጠራጠረ፤ ምን ልዋሽ። የይመር ጥርስ የተሠራው ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ትንሿ የልጅ ልጄ ወባ ይዟት ለመድኃኒት ገንዘብ ፍለጋ በተንገላታንበት ወር ነበር። ወደ ሣህሉ እጆች አየሁ። ጎኑ ላይ ተንጠልጥለው ዝም ብለው ነበር። ፍሬሰላምን አየሁ፤ እሷም እጆቹን ታያለች።

ሀምዳን አሲዱን ጠብ አደረገ። አረፋ አልወጣም። መስመሩ እዚያው ቆየ። ሰዉ ተነፈሰ። ሀምዳን ግን ድንጋዩን ወደ ብርሃን አዘነበለና ቅንድቡን ሰበሰበ። መስመሩ እንደነበረው አልነበረም፤ ጠቆር፣ ሳሳ ብሏል። ሌላ ጠብታ ጨመረ፤ ጠበቀ።

«ወርቅ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን ደካማ ወርቅ ነው። መዳብ በዝቶበታል።»

ሁሉም ወደ ሣህሉ ዞረ። «ማነው መዳብ የጨመረበት?» የሚል ድምፅ በመስኮቱ በኩል ገባ። ሣህሉ ይመርን አየው። ይመርም አየው። ሣህሉ ቆርቆሮውን አውርዶ የይመርን ቋጠሮ በይመር ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ቋጠሮው ላይ ያለው ጨርቅ የአሊማ፣ የይመር ሚስት፣ የሻሽ ቁራጭ ነው፤ አንዴ ከተቋጠረ አልተፈታም። ይመር ራሱ ፈታው። ሀምዳን ጉትቻዋን ድንጋዩ ላይ ፋቃትና አሲድ ጠብ አደረገባት። መስመሯ እንደ መጀመሪያው ጠቆር፣ ሳሳ ብላ ቆመች።

ይመር ጉትቻዋን በጣቱ አገላበጣት። ከጆሮው ጀምሮ ሲቀላ አየሁት።

«ለሰርጋችን ስገዛላት» አለ ቀስ ብሎ፣ «ንጹሕ ነው ብዬ ነው የሰጠኋት። ብሩ አልደረሰልኝም ነበር።»

መስኮቱ ላይ የነበሩት ረዳቶች ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ አንዱ ይመርን ነሐስ ነጋዴ አለው፣ ሌላው ግብር ቤት ሄዶ መፈረም ያለበት እሱ ነው አለ። ይመር የሣህሉን ክንድ ይዞ ወደ ጆሮው ተጠጋ፤ አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁት። ስታቀልጠው አውቀህ ነበር ወይ አለው። ሣህሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ይመር የመጫኛ ተራውን ለሌላ ሰጥቶ፣ ወርቅ ያላቸውን ሾፌሮች በመኪናው ሰብስቦ ግብር ቤት ወሰዳቸው። ተሰልፈው ቋጠሮ ቋጠሯቸውን እያሳዩ ፈረሙ። መንገድ ላይ የነበሩት ሾፌሮች ወርቅ በሣህሉ ስም ቀረ፤ ያም ቢሆን ግምቱ ወደሚከፈል መጠን ወረደ። ፍሬሰላም የእጅ አምባሯን ሸጠች፤ ወንበሩ ከቦታው አልተነሣም። ፈረጅ የሚባለው የባሕር ነጋዴ ከየመን በጀልባ የሚያመጣለት ጄሶና መድኃኒት ግን ደረሰኝ ስለሌለው እንደ ወጪ አልተያዘለትም። ፈረጅ ደረሰኝ ስጠኝ ሲባል ባሕሩን ጠይቀው ብሎ ሳቀ።

ወልደሚካኤል ሣህሉን ብዙ ነገር አስተማረው። የሰው ወርቅ ሲቀበል ክብደቱንና ዓይነቱን ጽፎ ባለቤቱን እንዲያስፈርም። ቀብድ የተቀበለበት ጥርስ አፍ ውስጥ እስኪገባ ቀብዱን ገቢ ብሎ እንዳይቆጥረው። ለእያንዳንዱ ሥራ ደረሰኝ እንዲቆርጥ። ሌላው ቀርቶ ለጉንጩ አስመራ ድረስ ሄዶ ታክሞ ሲመለስ፣ የታከመበትን ደረሰኝ ለሣህሉ አሳየው፤ እንደዚህ ነው የሚቆረጠው ብሎ።

ሳጥኑ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ከሥሩ «ነሐስ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ድሬ ካበቃሁ በኋላ ስለሆነ ጽሕፈቴ ትልቅ ነው፣ ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ወረቀቱን አንብቦ የሚያልፍ ሾፌር አልጠፋም። የድሮ ደንበኞች ሁሉም አልተመለሱም። የተመለሱት ደግሞ ወርቃችን ሲቀልጥ ካላየን ብለው የመጫኛ ተራቸውን ያሳልፋሉ፤ አሠሪዎቻቸው በስልክ ይጮኹባቸዋል።

ጥር ሲገባ፣ አሰብ ትንሽ ሲቀዘቅዝ፣ ይመር ሚስቱን አሊማን ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ዓይኗ ፈጣን ሴት ናት። ሁለተኛው ጥርስ ለሱ ሳይሆን ለሷ እንዲሆን ወስናለች። ጉትቻዋን ከቋጠሮው አውጥታ ለሣህሉ ሰጠችው። ሣህሉ መዘነ፤ ክብደቱን ጻፈ። ዓይነት የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

ይመር ከሚስቱ ኋላ ቆሞ ሣህሉን ያያል። ዓይኑ ይለምናል። ዝም ብሎ ወርቅ ብሎ ቢጽፍ ማን ያየዋል? እኔ የሣህሉን ፊት አየሁ። ስለ መስኮቱ ዝም ያለባቸው ዓመታት ሁሉ ፊቱ ላይ ነበሩ።

«እህቴ» አላት፣ «ይህ ወርቅ ንጹሕ አይደለም። መዳብ በዝቶበታል። እንደዚያ ብዬ መጻፍ አለብኝ።»

አሊማ ዘወር ብላ ባሏን አየችው። ይመር ወለሉን አየ።

«አውቃለሁ» አለች። «በሰርጌ ሳምንት ጆሮዬ አረንጓዴ ሆነ።»

ይመር ቀና አለ። ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። ሲሰጣት ደስታው ብዙ ስለነበር ነው አለችው፤ ደግሞም ነገሩን በልቧ ይዛ እሱ ራሱ እስኪነግራት ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወደ ሣህሉ ዞራ በአሻራ ለመፈረም ጣቷን ቀለሙ ላይ አስቀመጠች።

«ያለውን ጻፍ፣ ሐኪም» አለችው። «እሳቱንም ወደዚህ አቅርበው። ሲቀልጥ ማየት እፈልጋለሁ።»